የአርሲ ልጆችና የሩጫ ሕግ

የትምህርት ቤት ልጆችና ወጣቶች የሚወዳደሩባቸው የሩጫ ደንቦች በአንድ ጊዜ ተጽፈው ያለቁ አይደሉም። ብዙዎቹ የወጡት ሯጭ ከተጎዳ፣ ውጤት ካከራከረ ወይም ገና በልጅነት ዕድሜ ያለች ተወዳዳሪ ከእሷ በብዙ የሚበልጡትን ካሸነፈች በኋላ ነው። ከአርሲዎቹ ከተሞች ከአሰላና ከበቆጂ የወጡ ሯጮች በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግመው ይገኛሉ፤ ብዙ ጊዜም ደንቡ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብለው ሮጠዋል።

የዓለም አትሌቲክስን የሚመራው ፌደሬሽን የተመሠረተው በሐምሌ 1912 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ ነው። ሥራው የውድድር ደንቦችን አንድ ማድረግ፣ መሣሪያዎችን መመዘንና ክብረ ወሰኖችን መመዝገብ ነበር። ከምሥረታው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በዚያው ከተማ በተካሄደው የኦሊምፒክ ማራቶን ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ በብርቱ ሙቀት መንገድ ላይ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። በዘመናዊው ኦሊምፒክ በውድድር ምክንያት የሞተ የመጀመሪያው ስፖርተኛ እሱ ነው። ረጅም ርቀት ሰውን ሊገድል እንደሚችል የዚያ ዘመን መሪዎች በዓይናቸው አይተዋል። ያንን ፍርሃት ግን ቀድመው በሥራ ላይ ያዋሉት በሴቶች ላይ ነበር።

በ1928 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር ሮጡ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ አሸነፈች። ከመጨረሻው መስመር በኋላ ጥቂት ሯጮች ደክሟቸው መሬት ላይ አረፉ፤ ጋዜጦች ይህን አጋነው ሴቶቹ ተዝለፍልፈው እንደወደቁ ጻፉ። ከ1,500 ሜትር በኋላ ወንዶችም መሬት ላይ ይጋደማሉ፤ ስለ እነሱ ግን እንዲህ የጻፈ አልነበረም። ርቀቱ ከሴቶች የኦሊምፒክ መርሐ ግብር ወጣ፤ የተመለሰውም ከ32 ዓመት በኋላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ነው። በደኅንነት ስም የወጣ ደንብ ሁሉ በማስረጃ ላይ የቆመ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ጉዳቱም ረጅም ነበር፤ የሁለት ትውልድ ሴቶች ከ200 ሜትር በላይ የኦሊምፒክ ሩጫ አላገኙም።

በዚያው የሮም ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ አሸነፈ። አሰልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣ፣ በትምህርት ሚኒስቴርም የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን ያስፋፋ ሰው ነበር። በኢትዮጵያ ሩጫና ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው የተያያዙ ናቸው ማለት ይቻላል። የአበበ ባዶ እግር በዓለም ዘንድ እንደ ተአምር ሲወራ ቆይቷል፤ በደንቡ በኩል ግን የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረውም። የአትሌቲክስ ሕግ ተወዳዳሪ ባዶ እግሩን፣ በአንድ እግሩ ወይም በሁለቱም ጫማ አድርጎ እንዲሮጥ ይፈቅዳል፤ ይህ አንቀጽ ዛሬም አለ። የጫማ መግዣ ለሌላቸው የገጠር ትምህርት ቤት ልጆች ይህች አጭር አንቀጽ ውድድሩን ክፍት አድርጋ አቆይታላቸዋለች።

በ1973 እ.ኤ.አ. አሰላ አካባቢ የተወለደው ኃይሌ ገብረሥላሴ ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር ጠዋት ሮጦ ይሄዳል፣ ከሰዓት ሮጦ ይመለሳል። ደብተሮቹን በግራ ክንዱ አቅፎ ይሮጥ ስለነበር ግራ እጁ ታጥፎ ወደ ደረቱ የመጠጋት ልማድ ያዘ፤ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ በሮጠባቸው ትላልቅ መሞች ላይም ያ የታጠፈ ክንድ አልተለየውም። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በእንዲህ ያለ ከፍታ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥን ሕጻን የሚቆጣጠር የስፖርት ደንብ የለም፤ ውድድር ስላልሆነ ሊኖርም አይችልም። የዕድሜና የርቀት ገደብ የሚሠራው ልጁ የውድድር ቁጥር ከለጠፈ በኋላ ነው።

ኃይሌ በልጅነቱ በአባቱ ሬዲዮ የሰማው የምሩጽ ይፍጠር የ1980 እ.ኤ.አ. የሞስኮ ድል ሌላ ጥያቄም ይዞ ነበር የመጣው። ምሩጽ 5,000 እና 10,000 ሜትርን ሲያሸንፍ ዕድሜው ስንት እንደነበር ጋዜጠኞች ደጋግመው ጠይቀዋል፤ ቁርጥ ያለ መልስ ግን አላገኙም። አዋቂ በሚወዳደርበት መድረክ ዕድሜ ውጤት ስለማይለውጥ ነገሩ እንደ ጨዋታ ታለፈ። የወጣቶች ሻምፒዮና ሲመጣ ግን ያው ጥያቄ ዋናው ጉዳይ ሆነ።

የመጀመሪያው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ1986 እ.ኤ.አ. በአቴንስ ተካሄደ። ሕጉ አጭር ነበር፦ ተወዳዳሪው ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን 20 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። በዚሁ አስር ዓመት ውስጥ የሴቶች ርቀት ከብዙ ክርክር በኋላ ተከፈተ። የሴቶች ማራቶን በ1984 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ፣ 10,000 ሜትር ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. በሴኡል ኦሊምፒክ ተጀመረ። ኢትዮጵያ በሁለቱም ኦሊምፒኮች አልተሳተፈችም፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ሴቶች በእነዚህ ርቀቶች ኦሊምፒክ ላይ መሮጥ የቻሉት በ1992 እ.ኤ.አ. ነው።

ለዚያ ቀን የሚደርሱት ልጆች በበቆጂ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ እየተዘጋጁ ነበር። ከሐረር የመጡት መምህር ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ የሚሮጡ ልጆችን እየለዩ ማሠልጠን ጀመሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ የውድድር ደንብ የሚባለው በአብዛኛው የመምህሩ ዓይን ነው። ልጁ ስንት ዙር እንደሚሮጥ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ፣ ሳል ያለበት እንዲያርፍ የሚወስነው መምህሩ ነው። ዓለም አቀፍ ሕጎች ከዚህ ሜዳ ርቀው ቢጻፉም፣ በሥራ ላይ የሚውሉት ወይም የሚጣሱት መጀመሪያ እዚህ ነው።

ደራርቱ በ1990 እ.ኤ.አ. በቡልጋሪያ ፕሎቭዲቭ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ሻምፒዮን ስትሆን 18 ዓመቷ ነበር። ያ ውድድር 25 ዙር ነው። ከጊዜ በኋላ ይህ ርቀት መጀመሪያ ከልጃገረዶቹ፣ በኋላም ከወንዶቹ የወጣቶች ሻምፒዮና መርሐ ግብር ወጥቷል፤ ዛሬ ከ20 ዓመት በታች ያሉ ሯጮች በመም ላይ የሚወዳደሩበት ረጅሙ ርቀት 5,000 ሜትር ነው። ደራርቱ ያሸነፈችበትን ውድድር ዛሬ በእሷ ዕድሜ ያለች የበቆጂ ልጅ በወጣቶች ሻምፒዮና አታገኘውም።

በማርች 1991 እ.ኤ.አ. በቤልጂግ አንትወርፕ በተካሄደው የዓለም ሀገር አቋራጭ ሻምፒዮና የዕድሜ ደንቡ ቀዳዳ ገሃድ ወጣ። የወጣት ሴቶችን ውድድር ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሊዲያ ቼሮሜይ 13 ዓመቷ ነበር። በዚያው ሻምፒዮና በአዋቂ ሴቶች ሁለተኛ የወጣችው ደራርቱ ደግሞ ገና 19 ዓመቷ ስለነበር በደንቡ መሠረት ከወጣቶቹ ጋር ልትሰለፍ ትችል ነበር። ደንቡ ለወጣቶች ላይኛውን የዕድሜ ወሰን ሲያስቀምጥ ታችኛውን ክፍት ትቶት ነበር፤ ስለዚህ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ስድስት ዓመት ከሚበልጧት ጋር መሰለፍ ትችላለች ማለት ነው። በ13 እና በ19 ዓመት መካከል ያለው የአጥንትና የልብ ልዩነት ግን የትኛውም አሠልጣኝ የሚያውቀው ነው። ዛሬ በዓለም ሻምፒዮናዎች ተወዳዳሪው በውድድሩ ዓመት መጨረሻ ቢያንስ 16 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ይህን ወለል በሕጉ ውስጥ ማስገባት ከዕድሜ ደንቦች ሁሉ ልጆችን በቀጥታ የጠቀመ እርምጃ ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣቶች ሻምፒዮና ሴኡል ላይ ሲካሄድ ኃይሌ 5,000 ሜትሩንም 10,000 ሜትሩንም አሸነፈ። የ10,000 ሜትሩ ፍጻሜ በድሉ ብቻ አይታወስም። ከኬንያዊው ጆሴፋት ማቹካ ጋር እስከ መጨረሻው ተያይዘው ከመጡ በኋላ ኃይሌ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ሲያልፈው ማቹካ ከኋላ ጭንቅላቱን በቡጢ መታው። ኃይሌ ሳይወድቅ መስመሩን አለፈ፤ ዳኞች ማቹካን ከውጤት ሰረዙት። ተወዳዳሪን መግፋት፣ መሰናክል መሆን ወይም መምታት ከውድድር እንደሚያሰርዝ ሕጉ ከቀድሞ ጀምሮ ይደነግጋል። በሴኡል መም ላይ ሁሉን የሚያይ ዳኛና ካሜራ ነበር። በወረዳ ውድድር ግን ሃምሳ ልጆች በአንድ ጊዜ ከጠባብ መነሻ መስመር ሲለቀቁ ክርኑ ማንን እንደነካ የሚያይ ላይኖር ይችላል። በጅምላ ሲነሱ መገፋፋትና መውደቅ ለልጆች ከርቀቱ ያላነሰ አደጋ ነው፤ መነሻውን ሰፋ ማድረግና በምድብ ከፍሎ ማሮጥ ገንዘብ የማይጠይቁ መፍትሔዎች ናቸው።

በዚያው ዓመት በኦገስት ደራርቱ በባርሴሎና የ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነች፤ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ናት። በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አሸንፋ በዚህ ርቀት የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ኦሊምፒክ ሻምፒዮን ስትሆን 22 ዓመቷ ነበር። የፋጡማ ዕድሜ እዚህ ላይ ትርጉም አለው። ዛሬ ባለው የዓለም ሻምፒዮና ደንብ በውድድሩ ዓመት መጨረሻ 20 ዓመት ያልሞላው ሯጭ ማራቶን አይገባም፤ 16 ወይም 17 ዓመት የሆነው ደግሞ 10,000 ሜትርንም አይሮጥም። እንደ ለንደንና ኒው ዮርክ ያሉ ትላልቅ የጎዳና ማራቶኖችም ከ18 ዓመት በታች ያሉትን አይቀበሉም። የገንዘብ ሽልማት ያለው በጎዳና ላይ ስለሆነ ወጣቶች ከመም ቀድመው ወደዚያ ሊሳቡ ይችላሉ፤ የዕድሜው ገደብ ዋና ጥቅሙ ይህን ጉዞ ማዘግየቱ ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. በፖላንድ ቢድጎሽች 16 እና 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች ብቻ ሌላ የዓለም ሻምፒዮና ተጀመረ፤ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ተካሂዶም በናይሮቢ ተዘጋ። ቀነኒሳና ጥሩነሽ ግን ስማቸውን ያስጠሩት በሀገር አቋራጭ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በኦስተንድ ቀነኒሳ የወጣቶቹን ውድድር ከማሸነፉ ሌላ በአዋቂዎች አጭር ርቀት ሁለተኛ ሆነ፤ በዚያው ሻምፒዮና ጥሩነሽ በ15 ዓመቷ በወጣት ሴቶች አምስተኛ ወጣች። በ2003 እ.ኤ.አ. በሎዛን የወጣቶች ሻምፒዮን ሆና፣ በዚያው ዓመት በፓሪስ በ18 ዓመቷ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቃች። ደንቡ ወጣቱ ወደ አዋቂ ምድብ እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ አዋቂ ወደ ወጣት ምድብ እንዲወርድ ግን አይፈቅድም። የእነዚህ ሁለት የበቆጂ ልጆች ስኬት ይህ በር ክፍት መሆኑ ተገቢ እንደነበር ያሳያል። ያም ሆኖ ለእነሱ የጠቀመው መንገድ ለሌላ ልጅ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ በሩን ማን ማለፍ እንዳለበት ቀርቦ የሚያውቀው አሠልጣኝ ብቻ ነው።

ገደቡ በሌለበት ምን ሊሆን እንደሚችል በ2006 እ.ኤ.አ. በሕንድ ታየ። በዛሬዋ ኦዲሻ ግዛት አንድ የአራት ዓመት ሕጻን ከፑሪ ተነስቶ 65 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሮጥ ተደረገ፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ አቅሙ ተሟጦ ቆመ። የግዛቱ ባለሥልጣናት በሐኪም አስመርምረውት ረጅም ርቀት እንዳይሮጥ ከለከሉ። ሩጫው የየትኛውም ፌደሬሽን ውድድር ስላልነበረ የስፖርት ሕግ ሊደርስበት አልቻለም፤ ያስቆመው የሕጻናት ጥበቃ ነበር።

እነዚህ ገደቦች ሁሉ የቆሙት በአንድ መረጃ ላይ ነው፦ በልደት ቀን። በአርሲ ገጠር ለረጅም ጊዜ የጠፋውም እሱ ነው። የልጅ ልደት በወረቀት ሳይሆን በዘመን ምልክት ይታወስ ነበር፤ መንግሥት የተለወጠበት ዓመት፣ ዝናብ የጠፋበት ክረምት፣ ታላቅ ወንድም ትምህርት ቤት የገባበት መስከረም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 ከመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ከአሰላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ በአርቦዬ ተማሪ የሆነ ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሲያልፍ ይዞት የሚሄደው ዕድሜ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ቤተሰቡ የተናገረው ሊሆን ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነትም ሳይታወቅ ሰውን ያሳስታል። የኢትዮጵያን ዓመት ወደ አውሮፓ ለመለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ሰው 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ይጨመራል። በኅዳር 1999 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በ2006 እ.ኤ.አ. ተወለደች ማለት ነው። ፎርሙን የሚሞላው ሰው ለሁሉም 8 ከደመረ ወደ 2007 ትሻገራለች፤ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ታንሳለች። የአትሌቲክስ ምድብ የሚለየው በዲሴምበር 31 ስለሆነ፣ ያለማንም ክፋት አንድ ዓመት የምትበልጥ ሯጭ ታናናሾቿን ስታሸንፍ ትቆያለች ወይም በተቃራኒው ያለ ዕድሜዋ ወደ ላይኛው ምድብ ትገፋለች። ሆን ተብሎ የሚደረገው ማጭበርበር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ ክለብ ወይም ማሠልጠኛ ለመግባት ዕድሜ መቀነስ። የሚጎዳው በእውነተኛ ዕድሜው የተሰለፈው ልጅ ነው፤ በ15 ዓመቱ በ19 ዓመት ወጣት ደጋግሞ የተሸነፈ ልጅ ችሎታ የለኝም ብሎ ሩጫውን ይተዋል።

እግር ኳስ ለዚህ ችግር የአጥንት ምርመራ አመጣ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የወንዶችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል፤ የአጥንቱ የእድገት መስመር ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ተጫዋቹ ከ17 ዓመት በላይ የመሆኑ ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው። ምርመራው ጨረር የለውም፤ ውድ ግን ነው፣ የሰው እድገትም እንደየሰው ይለያያል። ለወረዳ ውድድር መፍትሔ ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የመጡት ደንቦች በልጁ አካልና በዙሪያው ባሉ ሰዎች ላይ ያተኮሩ ናቸው። በማርች 2016 እ.ኤ.አ. የዓለም አትሌቲክስ ፌደሬሽን ኢትዮጵያን በአበረታች መድኃኒት ቁጥጥር ድክመት ካስጠነቀቃቸው አምስት አገሮች አንዷ አደረጋት፤ አገሪቱም የራሷን የፀረ አበረታች መድኃኒት ተቋም አጠናከረች። በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉትንና አብዛኞቹን ከ18 ዓመት በታች ያሉ ሯጮች ልዩ ጥበቃ የሚደረግላቸው ብሎ ለያቸው፤ ጥፋት ሲገኝባቸው ስማቸው የግድ ለሕዝብ አይገለጽም፣ ቅጣታቸውም ከአዋቂው ሊቀል ይችላል። በዚያው ዓመት የዓለም አትሌቲክስ ፌደሬሽን ልጆችን ከድብደባ፣ ከወሲባዊ ጥቃትና ከብዝበዛ የሚጠብቅ ፖሊሲ አወጣ። ልጆች ከቤታቸው ርቀው በሚያድሩበት ቦታ፣ አሰላ ባለው የጥሩነሽ ዲባባ የስፖርት ማሠልጠኛ ማዕከልም ሆነ በሌሎች ማዕከላት፣ ከርቀትና ከዕድሜ ደንብ እኩል የሚያስፈልገው ይህ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው «ታውን ኦቭ ረነርስ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም የበቆጂ ልጃገረዶች ለሥልጠና ከቤታቸው ሲለዩ የሚገጥማቸውን በቅርብ አሳይቷል።

ጫማ ወደ ሕጉ በሰፊው የገባው በመጨረሻ ነው። በጃንዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በመም ላይ ደግሞ ከኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ርቀት ወሰኑ 20 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ በሴፕቴምበር 2021 እ.ኤ.አ. የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ድሉ ተሰርዟል። ለትምህርት ቤት ልጅ የበለጠ የሚቀርበው የስፓይክ ደንብ ነው፤ በሰው ሠራሽ መም ላይ የእያንዳንዱ ጥርስ ርዝመት 9 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥሩም ከ11 አይበልጥም፤ በአፈር ሜዳ ላይ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል። የአርሲ ወረዳዎች ሜዳ በአብዛኛው አፈርና ሣር ነው፤ ባዶ እግራቸውን ከሚሮጡ ልጆች ጋር ረጅም ስፓይክ ያደረገ ልጅ በአንድ መነሻ መስመር ላይ ማቆም ሕጉ ባይከለክልም ጥንቃቄ ያለው አዘጋጅ አያደርገውም።

ገደቦቹ ሁሉ ወደቆሙበት የልደት ቀን ስንመለስ፣ የልደት ምዝገባን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረውም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር ተወልዶ በወቅቱ የተመዘገበ የአርሲ ልጅ 16 ዓመት የሚሞላው በሐምሌ 2024 ዓ.ም. ይሆናል፤ በዓለም ሻምፒዮና ለመሰለፍ የሚያበቃውን ዝቅተኛ ዕድሜ ሲደርስም የልደት ቀኑ ከተወለደ ጀምሮ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው።